ሳይሻር የወረደ ንጉሥ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ሥልጣን አላፊ መሆኑን ያውቃል። ነገር ግን ማንም ሳይሽረው፣ ጉልበቱም ሳይከዳው፣ በገዛ ፈቃዱ ከዙፋን የሚወርድ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት እንዲህ ስላለው ሰው፣ ስለ ዌልሳዊው የራግቢ ተጫዋች ስለ ባሪ ጆን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሪ ጆን በ1945 በምዕራብ ዌልስ፣ ካርማርተንሻየር ውስጥ በምትገኝ ኬቭንኤይቲን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። የመንደሪቱ ሰው አፉን የፈታው በእንግሊዝኛ ሳይሆን በዌልስኛ ነው። በዚያችው መንደር ካርዊን ጄምስ የሚባል ሌላ ተጫዋች ነበር፤ ኋላ በካርማርተን ኮሌጅ የዌልስኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የሆነ፣ ግጥም የሚወድ ሰው። ካርዊን ኳስ መምታት ሲለማመድ፣ የመታትን ኳስ እየሮጡ ከሚያመጡለት የሰፈር ልጆች አንዱ ትንሹ ባሪ ነበር። የሁለቱ ሰዎች መንገድ ከዓመታት በኋላ በዓለም ማዶ እንደገና ይገናኛል።

ራግቢን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። በያንዳንዱ ወገን ዐሥራ አምስት ሰው ይሰለፋል፤ ኳሷ እንቁላል መሰል ናት፤ በእጅ ስትቀበል ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አትወረወርም። ግዙፎቹ ተጋፍተው ኳሷን ሲያወጡ 9 ቁጥር ያነሣና ለ10 ቁጥር ይወረውርለታል። እንግዲህ ይሩጥ፣ ይምታ ወይም ያቀብል፣ በዐይን ጥቅሻ ፍጥነት የሚወስነው 10 ቁጥሩ ነው። ባሪ ጆን 10 ቁጥር ነበር። ሰውነቱ ቀጭን፣ አረማመዱ የተዝናና፤ ሌሎች ሲጋፉና ሲጋጩ እሱ ማንም ሳይነካው በመካከላቸው ሾልኮ ያልፍ ነበር።

ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈው በ1966 ከአውስትራሊያ ጋር ሲሆን፣ ያን ቀን ዌልስ 14 ለ 11 ተሸነፈች። በማግሥቱ ዓመት ከላኔሊ ክለብ ወደ ካርዲፍ ተዛወረ፤ በዚያም ከ9 ቁጥሩ ከጋሬት ኤድዋርድስ ጋር ተጣመረ። ሁለቱ መጀመሪያ ተገናኝተው ሲለማመዱ ኤድዋርድስ እንዴት እንዲወረውርለት እንደሚፈልግ ቢጠይቀው፣ አንተ ብቻ ወርውር፣ መያዙ የኔ ፈንታ ነው እንዳለው ይነገራል። በ1968 ከአራቱ የብሪታንያና የአየርላንድ አገሮች ተመርጦ ከሚዋቀረው፣ ላየንስ ወይም «አናብስት» ከሚባለው ቡድን ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ትልቅ ጨዋታ የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ከሜዳ ወጣ።

የንግሥናው ዓመት 1971 ነው። በመጋቢት ወር ዌልስ ፓሪስ ላይ ፈረንሳይን 9 ለ 5 ስታሸንፍ፣ ያ መጋጨት አይወድም የሚባለው ሰው አንድ ግዙፍ ፈረንሳዊ ሲያስቆም አፍንጫው ተሰበረ፤ ግን ወደ ሜዳ ተመልሶ ነጥብ አስቆጠረ። ዌልስም ከ1952 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓመቱ ውድድር የተቀናቃኞቿን ሁሉ ድል ነሣች። በዚያው ዓመት አናብስቱ ወደ ኒው ዚላንድ ዘመቱ፤ አሠልጣኛቸውም ያ የመንደሩ መምህር ካርዊን ጄምስ ነበር። በዱነዲን በተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ባሪ ጆን ኳሷን ከማእዘን ማእዘን እየላከ፣ የኋላ ተከላካዩን ፈርጊ ማኮርሚክን ሲያንከራትተው ዋለ። ማኮርሚክ ከዚያ ወዲያ ለአገሩ አልተሰለፈም። የአንዱ ንግሥና የሌላው ሽረት ነበር። ከአራቱ ግጥሚያዎች አናብስቱ ሁለቱን አሸንፈው፣ በአንዱ ተሸንፈው፣ በአንዱ አቻ ወጡ፤ ካስቆጠሯቸው 48 ነጥቦች 30ዎቹ የባሪ ጆን ነበሩ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አናብስት በኒው ዚላንድ ምድር እንዲህ አሸንፈው አያውቁም። «ንጉሡ» የሚለውን ስም ያወጡለትም የኒው ዚላንድ ጋዜጠኞች ናቸው።

ንጉሡ ግን አልበላም። የዚያ ዘመን የራግቢ ሕግ ተጫዋች በጨዋታው ገንዘብ እንዳያገኝ ይከለክል ስለነበር፣ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ ሌላ ሥራ ሠርቶ ያድር ነበር። ከሥራው ሲወጣ ደግሞ ሕዝብ ይጠብቀዋል፤ በየመንገዱ ያስቆመዋል፣ ይከበዋል፣ ይነካዋል። አንድ ቀን በሰሜን ዌልስ የአንድ ባንክ አዲስ ክፍል እንዲመርቅ ተጋበዘ። እዚያ አንዲት ወጣት በፊቱ ቀረበችና ለነገሥታት እንደሚደረገው ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ባሪ ጆን ኋላ ሲናገር፣ የልቡ ውሳኔ የቆረጠው በዚያች ቅጽበት እንደ ነበር ገልጿል። ነገሩ ከልክ አልፎ፣ ከሰው ጋር ሰው ሆኖ መኖር እንዳቃተው ያን ጊዜ ተረዳ።

መጋቢት 1972 ካርዲፍ ላይ ፈረንሳይ 20 ለ 6 ስትሸነፍ ለዌልስ የመጨረሻውን ጨዋታ ተጫወተ። በ25 ጨዋታ 90 ነጥብ አስቆጥሮ፣ በዌልስ ታሪክ ከእሱ በፊት ማንም ያልደረሰበት ላይ ደርሶ ነበር። በሚያዝያ ወር ደግሞ የዌልስኛ ተናጋሪ ወጣቶች ማኅበር 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በአንድ ወገን የባሪ ጆን፣ በሌላው የካርዊን ጄምስ ቡድን ተሰለፉ። ኳስ አቀባዩ ልጅና መምህሩ ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ ራግቢን መተዉን አስታወቀ። ዕድሜው 27 ዓመት ነበር።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ፤ ቀላልም አይደለም። ተሰጥኦ የባለቤቱ ብቻ ነውን? ሳምንቱን ሙሉ ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍር ሰንብቶ፣ ቅዳሜ የሚያየው ውበት ያ ሰው ብቻ የነበረ ሠራተኛ፣ «ለምን ቀማኸኝ?» ቢለው መልሱ ምንድን ነው? ብዙዎች ቢያንስ አምስት ዓመት ይጫወት ነበር እያሉ ቆጭተዋል፤ ቁጭታቸውም እውነት ነው። እኔ ግን ወደ ሌላው አደላለሁ። ያቺ ወጣት እጅ የነሣችው በአክብሮት ነው፤ እሱ ግን በክብሩ ውስጥ መራራቅን አየ። አባቱ ከሌሎች እኩል ጠቁሮ ከጉድጓድ ሲወጣ እያየ ላደገ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ጎንበስ ስትልለት መደሰት መንደሩን መካድ ይሆንበታል። ከዙፋኑ የወረደው ሕዝቡን ጠልቶ አይመስለኝም፤ ከሕዝቡ ጋር እኩል መቆም ናፍቆ እንጂ።

ዌልስም ባዶዋን አልቀረችም። 10 ቁጥሩን ፊል ቤኔት ወረሰ፤ በ1976ና በ1978ም ዌልስ ተቀናቃኞቿን ሁሉ ዳግመኛ ድል ነሣች። ባሪ ጆን በጋዜጣ ላይ ስለ ጨዋታው እየጻፈ ኖረ፤ በየካቲት 2024 በ79 ዓመቱ ዐረፈ። የነገሠው ጥቂት ዓመታት፣ ያለ ዘውድ የኖረው ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ነው። ሲሞትም ዌልሳውያን የጠሩት በዚያው በጥንቱ ስሙ ነበር፤ እሱ ያወለቀውን ዘውድ እነሱ ሲጠብቁለት ኖረዋልና።