ከነጋሪት እስከ ስልክ

በቀድሞ ዘመን ያገራችን ሕዝብ የመንግሥትን ቃል የሚሰማው በገበያ መካከል ነጋሪት ተጎስሞ በሚነገረው አዋጅ ነበር። ነጋሪው በዓይን ይታያል፤ ያስነገረውም ሹም ይታወቃል፤ ስለዚህ ቃሉ ይታመን ነበር።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግን ነገሩ ተለወጠ። ከ1887 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአዲስ አበባና የሐረር የስልክ መስመር ተዘረጋ። በበቅሎ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው መልእክት በደቂቃ ደረሰ፤ ቤተ መንግሥቱም የሩቁን ገዥ እንደ ቅርብ ያዝዘው ጀመር።

ሆኖም ፍጥነት ብቻውን እምነትን አላመጣም። ንጉሠ ነገሥቱ ከታመሙ በኋላ «ሞቱ» የሚል ወሬ ደጋግሞ ይነዛ ነበር። በእውነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ግን ሞታቸው ተሸሸገ፤ ለቅሶም ተከለከለ። ስልክ እያለ ሕዝቡ እውነቱን ከሹክሹክታ ይለቅም ነበር። ሹሙ ዝም ሲል ወሬኛው ይሾማልና።

ዛሬ ስልኩ በየእጃችን ነው፤ ነጋሪው ግን አይታይም። ስለዚህ «ማን ተናገረው? በዓይኑ አይቷልን?» ብለን መጠየቅ የኛ የተማሪዎች ፋንታ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላልና፥ እስኪጠራ ድረስ ያልመረመርነውን ለሌላ አናቀብል።