ሃይማኖት፣ ሕግና ገበያ በኢሉባቦር ከተሞች

በኢሉባቦር ከተሞች ሃይማኖት ነጋዴንና ደንበኛን የሚያገናኝበትም ሆነ የሚለይበት ሥርዓት ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ በልማድ የጸና ነው። ግንቦት 1894 ዓ.ም. ከብሪታንያ ጋር የተፈረመው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከፈቀደ በኋላ፣ የጎሬ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ፣ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላም በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ ስለ ነበር፣ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና የግሪክ ነጋዴው በአንድ ሚዛን ዙሪያ ይገናኙ ነበር። ቡናን ማን እንደ ለቀመው አይጠየቅም፤ ሥጋን ማን እንዳረደው ግን ይጠየቃል።

ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ስለሚያርድና አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ሁሉ በመቱም በጎሬም የሥጋ ንግድ ለሁለት ተከፈለ። በድግስም ደጋሹ ለየወገኑ ለብቻ ያሳርዳል፤ ጠጅ ለማይጠጣው ሙስሊም እንግዳ ደግሞ ብርዝ፣ ማለትም ሳይፈላ በውሃ የተበጠበጠ ማር፣ ይቀርብለታል። ይህ ልማድ እርዱን ይለያል እንጂ ሰውን ከደጃፍ አይመልስም፤ ትልቁ ቁም ነገርም ይህ ነው።

የመንግሥት ሕግ ግን ለረጅም ጊዜ ሚዛኑ የተዛባ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የአምልኮ ሥርዓት እንዳይታወክ ቢደነግግም፣ በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አጽንቷል። የሙስሊሙ በዓል በሕዝብ በዓልነት ስላልታወጀ፣ ለዒድ ሱቁን የሚዘጋው ነጋዴ መሥሪያ ቤቱም ፍርድ ቤቱም በሥራ ላይ እያለ ነበር የሚያከብረው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ታላቅ ሰልፍ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ሲሆን፣ መልስ ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያየ፣ በአንቀጽ 25 የሰዎችን እኩልነት፣ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን አረጋገጠ። የነጋዴው እምነትና የገዢው እኩልነት ሲጋጩ የሚነሣው ክርክር በሌላም አገር ከባድ ነው፤ በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችውን የሃይማኖት ነፃነት ሕግ፣ ነጋዴዎች ደንበኛን እንዲመልሱ ይፈቅዳል የሚል ተቃውሞ ስለ ገጠመው በሳምንቱ አሻሽላለች። በኢሉባቦርም ሥጋ ቤቱ በእርድ መለየቱ ለጨርቅ ሻጩም ሆነ ለአልጋ አከራዩ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ጨርቅም አልጋም አይታረድምና። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት ሲሰጠው፣ ሃይማኖቱ ምን እንደ ሆነ አልተጠየቀም።