ባለ ሰንሰለት ቡልዶዘርና የወላይታ መንገድ

የአንድ አገር የመንገድ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘገበው የብድሩ ልክ፣ ውሉን የፈረመው ባለሥልጣንና መንገዱ የተመረቀበት ቀን ነው። አፈሩን የገፋው መኪናና መኪናውን በሥራ ላይ ያቆየው መካኒክ ግን ከመዝገቡ ውጭ ይቀራሉ። በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ወላይታን ምሳሌ አድርገን፣ የመንገድ ሥራ በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በጥገናም እንደሚወሰን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ወላይታ ትልልቅ ግንባታን ከውጭ የተማረች አገር አይደለችም። በንጉሥ አማዶ ስም የሚጠራው ረጅም ካብ በሰው ጉልበት የቆመ ነው። ቡልዶዘሩ ግን የቅርብ ዘመን ልጅ ነው። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ሆልት ባለ ሰንሰለት ትራክተሩን በካሊፎርኒያ የሞከረው በ1904 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ድርጅቱ በ1925 ከቤስት ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ካተርፒላር ተባለ። በ1931 ደግሞ የናፍጣ ሞተር ያለው ትራክተር አወጣ። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ባለሙያዎችም ለብዙ ዓመታት አብረው ሠሩ። በወላይታ በ1970 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው ዋዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ከአበላና ከበሌ ሰፈራ ጋር የመጋቢ መንገድን ሥራ አያይዞ ነበር።

ስለ መኪናው ጠባይ ጥቂት እንበል። መካከለኛ ቡልዶዘር 14 ቶን ይመዝናል እንበል። ሁለቱ ሰንሰለቶች እያንዳንዳቸው 50 ሳንቲሜትር ስፋትና 240 ሳንቲሜትር ርዝመት መሬት ቢነኩ፣ ክብደቱ በ24,000 ካሬ ሳንቲሜትር ላይ ይከፋፈላል፤ ይኸውም ለአንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ከ0.6 ኪሎ ያነሰ ነው። የጭነት መኪና ጎማ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጫናል። ስለዚህ ካሚዮን በሚሰጥምበት ጭቃ ላይ ዶዘሩ ይሄዳል።

ሆኖም ይኸው ሰንሰለት የመኪናው ትልቁ ወጪ ነው። የወላይታ ቀይ ሸክላ አፈር በክረምት በጥርሱና በሰንሰለቱ መካከል ይጠቀጠቃል፤ ሰንሰለቱም ከልክ በላይ ይወጠራል፣ ቡሹና ፒኑ ያለጊዜው ይበላል። ጭቃው ማታ ካልተጠረገ ደርቆ ያድራል። ሰንሰለቱ በጣም ከላላ ደግሞ በዳገት ላይ ሲታጠፍ ይወልቃል። የውጥረቱ ልክ የሚስተካከለው በግራሶ ነው።

ጭሱም ይናገራል። ጥቁር ጭስ የአየር ማነስን ወይም የናፍጣ መብዛትን፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣን ወይም ውኃ መግባቱን ያመለክታል። በዳሞታ ተራራ ሥር ያለችው ሶዶ ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር እዚህ ቢያጨስ ጥፋቱ የመካኒኩ ላይሆን ይችላል፤ የናፍጣው ልክ ለከፍታው መቀነስ ይኖርበታል። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅም አስቀድሞ የሚታየው በአቧራና በገለባ የተደፈነው ራዲያተር ነው።

ይህ ሁሉ የጋራዥ ወሬ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ነዋሪው ወገኑን ይፈልግ የነበረው በአካፋና በእጁ ነበር። መኪና የሚደርሰው መንገድ ካለ፣ መኪናውም ደኅና ከሆነ ነው። በሌላ ወገን፣ ለማደግ ዓመታት የፈጀውን የእንሰት ጓሮ ምላጩ በጥቂት ደቂቃ ይጠርገዋል። ስለዚህ ምላጩ ከመውረዱ በፊት የመንገዱ አቅጣጫ ከባለ ጓሮው ጋር መመከር አለበት።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው፦ ብድር መኪናን ያመጣል፣ የሚያቆየው ግን የየዕለቱ ሥራ ነው። የታሪክ ተማሪዎች የጋራዥ መዝገቦችንና የአረጋውያን ኦፕሬተሮችን ቃል ከመጥፋቱ በፊት ቢሰበስቡ፣ ስለ አገራችን መንገዶች ከምረቃ ንግግሮች የበለጠ ይማራሉ።