የልጥፍ ምርመራ ታሪክ፦ ከግራዝ ጉባኤ እስከ መኳኳያ ሕግ

ለመዋቢያ የተቀባ ነገር ቆዳን ሲያቆስል፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ከተቀባው ሁሉ ጥፋተኛው የትኛው እንደ ሆነ ነው። ሽቶው፣ ቀለሙና እንዳይበላሽ የሚጨመረው ኬሚካል በአንድ ዕቃ ተቀላቅለው ስለሚገኙ በማየት ብቻ ለመለየት አይቻልም። መልሱን ከሕመምተኛው ከራሱ ቆዳ ማግኘት እንደሚቻል ያሳየው ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ዮሴፍ ያዳሶን ነው።

በዚያ ዘመን ባዜቃ እንደ መድኃኒት ይታዘዝ ነበር። በባዜቃ የታከሙ አንዳንድ ሰዎች የቆዳ ብግነት ሲነሣባቸው፣ ያዳሶን ያንኑ ባዜቃ በጤነኛ ቆዳቸው ላይ በጥቂቱ በመለጠፍ ብግነቱ እዚያም እንደሚነሣ አረጋገጠ። ውጤቱንም በ1895 እ.ኤ.አ. በግራዝ ከተማ ለተሰበሰበው የጀርመን የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ አቀረበ። ከእርሱ በኋላ ብሩኖ ብሎኽ በስዊዘርላንድ ዘዴውን አስፋፋ፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴንማርካዊው ፖል ቦንቪ በመደበኛነት የሚሞከሩትን ንጥረ ነገሮች በዝርዝር አወጣ። በዝርዝሩም የፀጉር ማቅለሚያው ፓራፌኒሊንዳያሚን ይገኝበታል።

የዚህ ቀለም ጉዳት ከሐኪም ቤት አልፎ ሕግ አውጪዎች ዘንድ ደርሷል። በ1930ዎቹ በአሜሪካ «ላሽ ሉር» የተባለው የሽፋሽፍት ቀለም የሴቶችን ዓይን አሳወረ፤ ለሞትም ምክንያት ሆነ። የ1906ቱ ሕግ መኳኳያን ስለማይመለከት መንግሥት ቀለሙን ከገበያ የሚያነሣበት ሥልጣን አልነበረውም። በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ መኳኳያን በቁጥጥር ሥር ሲያደርግ፣ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚሠሩትን የፀጉር ቀለሞች ግን በሁኔታ ለይቶ ተዋቸው። ይኸውም ሻጩ በዕቃው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጽፍና ተጠቃሚው አስቀድሞ በቆዳው እንዲሞክር መመሪያ እንዲሰጥ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ምርመራ በከፊል ወደ ገዢው እጅ ተላለፈ።

ይሁን እንጂ የቤት ሙከራ የሐኪሙን ምርመራ አይተካም። በክሊኒክ ንጥረ ነገሩ በታወቀ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቫዝሊን ጋር ተቀላቅሎ፣ በጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ተነሥቶ ይነበባል፤ አለርጂው ዘግይቶ የሚገለጥ በመሆኑም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ይታያል። መጠኑ ከበዛ ጤነኛውን ቆዳ ያቃጥላል፤ ካነሰ አለርጂውን ይሰውራል። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ፣ ሐኪሙ እብጠቱን በጣቱ ዳስሶ ማረጋገጥ ይገባዋል። ይህ ጥንቃቄ ከጎደለ ሕመምተኛው ነጻ ነህ ተብሎ ወደሚጎዳው ቀለም ይመለሳል።