አይዳን ማን ይጫወታት? ክርክሩ የዘለለው ጦርነት

የዓለም የኦፔራና የሙዚቃዊ ቴአትር ወዳጆች ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሚነታረኩባት አንዲት ኢትዮጵያዊት ልዕልት አለች። አይዳ ትባላለች። አንዴ «መድረኩ ይሻላል ወይስ ፊልሙ?»፣ አንዴ «ማን ይጫወታት?»፣ አንዴም «ነጭ ዘፋኝ ፊቷን አጥቁራ ትውጣ ወይስ አትውጣ?» ይባላል። የአገሯን ስም የያዝነው እኛ ግን በክርክሩ ውስጥ ድምፃችን ብዙም አይሰማም። ዛሬ እስኪ ታሪኩን ከእኛ ወገን ሆነን እንየው።

መጀመሪያ ተረቱ። አይዳ የኢትዮጵያው ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ናት፤ ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆናለች። የግብፁ የጦር አዛዥ ራዳሜስ ይወዳታል። አባቷ የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከራዳሜስ አፍ አውጥታ እንድትሰጠው ያስጨንቃታል። ምሥጢሩ ይወጣል፣ ራዳሜስ ከነሕይወቱ መቃብር ይዘጋበታል፣ አይዳም ቀድማ ገብታ ትጠብቀውና አብራው ትሞታለች።

ሙዚቃውን የደረሰው ጣሊያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ ነው። ያዘዘውና 150,000 ፍራንክ የከፈለው ደግሞ የግብፁ ገዥ ኸዲቭ ኢስማኤል። ብዙ ጊዜ «ለስዊዝ ቦይ ምረቃ የተሠራ ነው» ሲባል ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። ቦዩ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። አይዳ ካይሮ ላይ የታየችው ታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. (ዲሴምበር 24 ቀን 1871) ነበር። ቀደም ብላ ልትታይ ታስቦ፣ የመድረኩ ጌጥና አልባሳቱ በፕሩሻ ጦር በተከበበችው ፓሪስ ውስጥ ተይዘው ስለቀሩ ዘገየች።

አሁን ቀኖቹን ልብ በሉ። የካይሮ ታላላቅ ሰዎች በኢትዮጵያ ንጉሥ ሽንፈት ላይ ባጨበጨቡ በወሩ፣ በጥር 1864 ዓ.ም.፣ የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ። አራት ዓመት ሳይሞላ ያው ኦፔራውን ያዘዘው ኢስማኤል እውነተኛ ጦር ላከባቸው። በ1868 ዓ.ም. መጀመሪያ ሐረር በግብፆች ተያዘች። ኅዳር ላይ በዴንማርካዊው አሬንድሩፕ የሚመራው ጦር ጉንደት ላይ ተደመሰሰ፤ አዛዡም እዚያው ሞተ። ኸዲቩ ሽንፈቱን ለመበቀል በራቲብ ፓሻ አዛዥነት የበለጠ ጦር ላከ። ከጦሩ ጋር የገዛ ልጁ ልዑል ሐሰንና በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ መኮንኖች ነበሩበት። ይህም በየካቲት መጨረሻ ጉራዕ ላይ ተመታ።

በመድረኩ ላይ አሞናስሮ ተማርኮ በግብፅ ንጉሥ ፊት ይቆማል። በሜዳው የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በብድር የተዘፈቀችው ግብፅ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1876 ገንዘቧን በአውሮፓ አበዳሪዎች ቁጥጥር ሥር አደረገች፤ ኢስማኤል በ1879 ከሥልጣን ወረደ፤ በ1882 እንግሊዝ አገሪቱን ያዘች። ሊቁ ኤድዋርድ ሰዒድ «ባህልና ኢምፔሪያሊዝም» በተሰኘው መጽሐፉ አይዳን ከዘመኑ የቅኝ ግዛት ፖለቲካ ጋር አያይዞ የመረመራት ያለ ነገር አይደለም።

ለቬርዲ ግን ፍርድ እንስጠው። ሙዚቃው የሚያዝነው ለአሸናፊው ሳይሆን ለአይዳ ነው። ጨካኞቹ የግብፅ ካህናት ናቸው፤ የአገር ናፍቆት ዜማው የእሷ ነው። ስለዚህ «ኦፔራው የወራሪ ልሳን ነው» ብሎ መዝጋት ችኮላ ይሆናል።

ወደ ፊልሙ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጣሊያናዊው ክሌሜንቴ ፍራካሲ አይዳን ወደ ሲኒማ አመጣት። የተወነችው ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ሶፊያ ሎረን ናት፤ ቆዳዋ በቀለም ጠቁሯል። ድምፁ የሬናታ ቴባልዲ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጀው ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል አጠረ። የመድረኩ ወዳጅ «አፍ ማንቀሳቀስ ዘፈን አይደለም፤ ግማሹንም ቆረጣችሁት» ይላል። የፊልሙ ወዳጅ ደግሞ «የኦፔራ ትኬት መግዛት የማይችለው ሕዝብ አይዳን ያወቃት በዚህ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን ጣሊያን ከኢትዮጵያ ከተባረረች ገና 12 ዓመቷ ነበር። ኢትዮጵያዊቷን ልዕልት በቀለም ሠርታ ስታሳይ፣ ያ ጦርነት በክርክሩ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ2000 ኤልተን ጆንና ቲም ራይስ አይዳን የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቴአትር አደረጓት። ሄዘር ሄድሊ በአይዳነቷ የቶኒ ሽልማት ወሰደች፤ ሥራው 1,852 ጊዜ ታየ። በዚህኛው ግን አይዳ የኑቢያ ልዕልት ሆነች። መነሻ አለው። የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ኩሽን ማለታቸው ነበር፤ በኦፔራው የምትጠራው ናፓታም በዛሬዋ ሱዳን ናት። የቀለሙ ክርክርም አልቆመም። በ2022 የቬሮና አሬና አና ኔትሬብኮን ፊቷን አጥቁራ ስላቀረበ፣ ጥቁር አሜሪካዊቷ ኤንጀል ብሉ እዚያው ልትዘፍን ከነበረበት ሌላ ኦፔራ ራሷን አገለለች።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበቤ ሩቅ አይደለም። ግብፆች ምፅዋን ሲለቁ በ1877 ዓ.ም. የገባችበት ጣሊያን ናት። ሚያዝያ 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ተፈረመ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ወዲያው አንቀጽ 17 የሚባለው ጣጣ መጣ፤ መጨረሻው ዐድዋ ሆነ። ዛሬ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ ቀበና ላይ የጣሊያን ኤምባሲ ሰፊ ግቢ አለ። ከካይሮ መድረክ እስከዚህ ጋራ ያለው ታሪክ አንድ ሰንሰለት ነው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አይዳን ማን ይጫወታት የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የኤንጀል ብሉም ውሳኔ ያስከብራታል። ነገር ግን ፊት ቢቀየር ድርሰቱ ያው ነው፤ ኢትዮጵያ ተሸንፋ፣ ልጇም መቃብር ገብታ መጋረጃው ይዘጋል። የዓባይ ንግግር ዛሬም የሁለቱ አገሮች ዋና ጉዳይ በሆነበት ሰዓት፣ ጉንደትና ጉራዕ በዐድዋ ጥላ ሥር ተሸፍነው መቅረት የለባቸውም። ሰው ኦፔራ የሚያስታውሰውን ያህል የታሪክ መጽሐፍ አያስታውስም። ኢስማኤል ይህ ገብቶት 150,000 ፍራንክ ከፍሏል።

የኛ የቴአትርና የሲኒማ ሰዎች ጉራዕን ለመድረክ ያብቁት። ያኔ ደግሞ «መድረኩ ይሻላል ወይስ ፊልሙ?» ብለን በራሳችን ሥራ እንከራከር። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን አካፍሉን።