ሐረርና ዘይላ፦ ግመል ያገናኛቸው፣ ባቡር ያራራቃቸው ከተሞች

የአንድ ከተማ ልማትም ሆነ ድካም በግንቡ ጥንካሬ ብቻ አይለካም፤ ሀብቱ በሚወጣበትና በሚገባበት መንገድ ጭምር ነው እንጂ። የሐረርና የዘይላ ታሪክ ይህን ሐቅ ጉልህ አድርጎ ያሳያል።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ያሠራው የጁገል ግንብ ያቀፈው ሕዝብ በእርሻ፣ በእደ ጥበብና በንግድ ይተዳደር ነበር። የንግዱ የደም ሥር ከደጋው ተነሥቶ ወደ ዘይላ የሚወርደው የሲራራ መንገድ ነው። ዘይላ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር የምትገኝ፣ ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎበኛት ጥንታዊ ወደብ ናት። የሐረር ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ በግመል በረሃውን አቋርጦ እዚያ ሲደርስ በሸራ ጀልባ ወደ ኤደን ይሻገራል፤ በምላሹም ጨርቃ ጨርቅና ሌላ የባሕር ማዶ ሸቀጥ ይመጣል። የግመል ነጂው፣ የመንገድ መሪውና የጀልባው ሠራተኛ ስም በመዝገብ አልሰፈረም፤ ሁለቱን ከተሞች ያስተሳሰረው ግን የእነርሱ ጉልበት ነው።

መንገዱ የባዕዳንንም ዓይን ስቧል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው ከዘይላ ተነሥቶ ነው። በ1868 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የግብፅ ጦርም የዘመተው ከዚያው ነበር። ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ሥልጣን ያዙ፤ በ1879 ዓ.ም. ግን በጨለንቆ ጦርነት በምኒልክ ድል ሆኑ።

የዘይላን መንገድ የሻረው ግን ጦር ሳይሆን ሐዲድ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት የባቡሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በመጀመሪያው ውጥን ሐዲዱ ሐረር መድረስ ነበረበት። ከተማዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኩባንያው ተራራውን የመውጣቱን ወጪ ሸሽቶ ሐዲዱን በግርጌው አሳለፈው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከቆመበት ሜዳ ድሬዳዋ ተወለደች፤ መጀመሪያ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዘይላ ከታላቅ ወደብነት ወደ ትንሽ የባሕር ዳር ከተማነት ወረደች። የሐረርም ንግድ በአብዛኛው ወደ ድሬዳዋ ተሻገረ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም መስመሩ በድሬዳዋ በኩል እንጂ በሐረር አይደለም።

ሐረር ግን አልሞተችም። ቅርሷን፣ ቋንቋዋንና እደ ጥበቧን ጠብቃ በመቆየቷ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ባቡር የእድገት መሣሪያ መሆኑ አያከራክርም። ሊጠየቅ የሚገባው መስመሩን ማን፣ ለማን ጥቅም እንደ ቀየሰውና በዚያ ውሳኔ እንጀራው የተቋረጠበት ሲራራ ነጋዴና ግመል ነጂ ወዴት እንደ ሄደ ነው።