የድንኳን ከተሞችና የወጨጫ ጥድ

አዲስ አበባ የተጀመረችው በድንኳን ነው። በ1879 ዓ.ም. ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክና ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል መኳንንታቸውን አስከትለው ከእንጦጦ ብርድ ወረዱ። ፍልውሃ ዙሪያ ሰፈሩ፤ በሙቁ ውሃ ታጠቡ፤ መስኩም ተስማማቸው። ጣይቱ ቤት መሥሪያ ቦታ ጠየቁ፤ ተሰጣቸው፤ ለመንደሩም ስም አወጡለት። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። እምብዛም የማይነገረን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፤ ያ ሁሉ ድንኳን፣ ቆይቶም ያ ሁሉ ጎጆና አዳራሽ፣ እልፍኝና ግብር ቤት ምን እያነደደ ይኖር እንደነበር።

ጥያቄውን ያነሣሁት ስለ አንድ ደን ለመጻፍ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሰበታ ወይም በሆለታ መንገድ በኩል የሚገባበት የመናገሻ ሱባ ደን አለ። እሳቱ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ያለፈውን የወጨጫን እሳተ ገሞራ ምዕራባዊ ተዳፋት ይዞ የቆመ፣ የጥድ፣ የዝግባ፣ የወይራና የኮሶ ደን ነው። ድንኳንና ብርድ ልብስ በመኪና ጭነው እየወጡ እዚያ የሚያድሩ የከተማ ሰዎች አሉ። ምቾት የሚፈለግበት ቦታ አይደለም። ሰዉ የሚሄደው ለጸጥታው፣ ለአየሩና ለዛፎቹ ቁመት ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ደኑ እስከ ዛሬ መቆሙ ነው። በሸዋ ደጋ ላይ ስንቱ ጥድ በምድጃ ሲያልቅ ይህ እንዴት ተረፈ?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት የመንግሥት መቀመጫ የሚነቀልና የሚተከል ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ እስከ 1526 የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዓይኑ አይቶ በዝርዝር ጽፎታል። መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታትሟል። እንደ እሱ አጻጻፍ የንጉሠ ነገሥቱ ድንኳኖች ከሜዳው ከፍ ባለው ቦታ ላይ ይተከላሉ፤ ዙሪያቸው በመጋረጃ ይታጠራል። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ችሎቱም፣ ማብሰያ ቤቱም ድንኳን ነው። ገበያው ራቅ ብሎ ይቆማል። ሰፈሩ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሲያርፍ እያንዳንዱ ሰው ከንጉሡ በስተቀኝ ወይም በስተግራ ያለውን ቦታውን ስለሚያውቅ፣ ያቺ ከተማ በአዲሱ ሜዳ ላይ እንደ ነበረችው ሆና ትገኛለች። አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያስበው የምፈልገው ይህን ነው። ድንኳኑ በሺዎች ይቆጠራል፤ እያንዳንዱም ምድጃ አለው። እንጀራ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ጠጁ ይጣላል፤ ደጋ ነውና ሌሊቱን ይሞቃል። ይህ ሁሉ በእንጨት ነው።

የጂኦግራፊ ምሁሩ ሮናልድ ሆርቫት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ስለ ኢትዮጵያ ተዘዋዋሪ ዋና ከተሞችና ስለ አዲስ አበባ ባሕር ዛፍ ያሳተማቸው ጥናቶች ነገሩን በግልጽ አስቀምጠውታል። ሰፈሩ እንዲነሣ ከሚያስገድዱት ምክንያቶች አንዱ የማገዶ ማለቅ ነበር። ጦርነትም፣ ግብር መሰብሰብም፣ ዳር አገርን ማስገበርም አለ። ይሁን እንጂ ንጉሡ ባይነሡም እንኳ እንጨት ለቃሚው በየሳምንቱ ይበልጥ መራቁ የማይቀር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጥድ ጠባይ መናገር ግድ ይላል። የሐበሻ ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም፤ ስለዚህ ለምሰሶ፣ ለአጥር፣ ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ ይመረጣል። ነገር ግን አንዴ ከተቆረጠ ጉቶው አያቆጠቁጥም። ከዘር ነው የሚበቅለው፤ ችግኙም ብርሃን ይፈልጋል፤ ከብት ከበላውና ከረገጠው ደግሞ አይተርፍም። እንግዲህ አንድ ሰፈር በጥድ ደን አጠገብ ጥቂት ዓመት ከረመ ማለት፣ ያ ደን ተመልሶ ጫካ እስኪሆን የብዙ ትውልድ ዕድሜ ይጠይቃል ማለት ነው።

ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የመናገሻ ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ጭንቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ወጨጫ ተራቁቶ ስላዩት፣ በአንኮበር አቅራቢያ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ዘርዐ ያዕቆብ ከቀደሟቸው ነገሥታት በተለየ፣ ደብረ ብርሃንን መቀመጫ አድርገው ለረጅም ዓመታት በአንድ ቦታ የተቀመጡ ንጉሥ ናቸው። በአንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ማገዶው እየራቀ ሲሄድ ያያል፤ ስለዚህ ትውፊቱ ከሰውየው ኑሮ ጋር የሚስማማ ሆኖ ይታየኛል። ዛሬ የምናየው ደን ሁሉ በእጅ የተተከለ ነው ማለት አይደለም። ዝግባው፣ ኮሶው፣ ከፍ ሲባል ደግሞ አስታውና ጅባራው የተራራው የራሱ ልጆች ናቸው። ቢሆንም በ15ኛው ክፍለ ዘመን የደን መመናመን ያሳሰበው መንግሥት ነበር የሚል ትዝታ ሕዝብ ይዞ መቆየቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ብዙ ጊዜ በዝምታ ይታለፋል። እኔ ግን ደኑን ካተረፉት ነገሮች አንዱ ያ ይመስለኛል። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነቶች በኋላ የነገሥታቱ መቀመጫ ወደ ጣና ዙሪያና ወደ ጎንደር ሄደ። በወጨጫ ግርጌ የሚኖረው የኦሮሞ ገበሬና ከብት አርቢ ጥዱን ጋቲራ፣ ዝግባውን ቢርቢርሳ፣ ኮሶውን ሄጦ እያለ፣ ለቤቱና ለበረቱ የሚያስፈልገውን እየወሰደ ኖረ። የአንድ መንደር ምድጃ የአንድ ሠራዊት ምድጃ አይደለም። ያ ታላቅ የንጉሠ ነገሥት ሰፈር በወጨጫ ግርጌ ሳይተከል ዘመናት ስላለፉ፣ ጥዱ ለመሸምገል ጊዜ አገኘ።

ድንኳኑ ተመልሶ የመጣው በምኒልክ ነው። መጀመሪያ እንጦጦ ተራቆተ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች፣ ይልቁንም በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ ሕዝቧ በፍጥነት ከበዛ ወዲህ፣ እንጨት በአህያና በሰው ጀርባ ከሩቅ የሚመጣ ውድ ነገር ሆነ። ለቤተ መንግሥቱና ለመኳንንቱ ቤት ምሰሶና ሳንቃ ሲፈለግ ደግሞ ዓይን ያረፈው መናገሻ ላይ ነበር። ችግሩ የማገዶ ብቻ አልነበረም፤ የዋና ከተማዋ ህልውና ጉዳይ ሆነ። ምኒልክ በጥንቱ ልማድ መሠረት ከተማውን ለመንቀል ቆረጡ። በ1893 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምዕራብ፣ ደንና ውሃ በሚገኝበት ቦታ፣ አዲስ ዓለምን መሥራት ጀመሩ። ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ መንገድም ወደዚያው ተዘረጋ።

አዲስ ዓለም ዋና ከተማ ቢሆን ኖሮ የወጨጫ ጥድ ምን ይሆን ነበር? መንገዱ ከተራራው በስተሰሜን የሚያልፍ ነው፤ ደኑ በአዲሱና በአሮጌው ከተማ መካከል ይወድቅ ነበር። እኔ ይተርፍ ነበር ብዬ አላምንም። ያተረፈው ከአውስትራሊያ የመጣ ባዕድ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ግድም የገባው ባሕር ዛፍ (ብዙ ጊዜ ያስገባው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ ይጠቀሳል) በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥድ የማይችለውን ሁለቱንም ይችላል። የውጭ አገር ሌጋሲዮኖችና መኳንንቱም በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው ስለነበር መነሣቱን አልወደዱትም። ሐሳቡ ቀረ፤ የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ሌላ ተክል ያቀጭጫል እያልን እንከስሰዋለን፤ ክሱም እውነት አለው። ሆኖም በደጋው ላይ የቀሩት አሮጌ ጥዶች ለእሱ ባለዕዳ ናቸው።

ምኒልክ መናገሻን የመንግሥት ደን አድርገው በጠባቂ አስጠበቁት፤ ዛሬ በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት የመንግሥት ጥብቅ ደኖች አንዱ ተብሎ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ጥበቃው ግን ያለ ዋጋ አልነበረም። አያቱ በቆረጠበት ቦታ መጥረቢያ ይዞ እንዳይገባ የተከለከለው በዙሪያው ያለው ገበሬ ነው። ስለ ደኑ የሚጻፈው ምስጋና ለነገሥታት ብቻ ሲሆን ቅር ይለኛል። ትእዛዝ ከቤተ መንግሥት ይወጣል፤ ክረምት ከበጋ በጭቃና በውርጭ የሚዞረው ግን ያካባቢው ሰው የሆነ ጠባቂ ነው፤ አንዳንዴም የሚይዘው የጎረቤቱን ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ሲታወጅ ደኑም የመንግሥት ንብረትነቱ ቀጠለ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት በብዙ ቦታ ጠባቂ ሲጠፋ ደኖች ተመነጠሩ። በ2001 ዓ.ም. የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ተቋቋመ፤ መናገሻ ሱባም በእሱ ሥር ነው። ከተፈጥሮ ደኑ ጎን ለሽያጭ የሚተከል የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ አለ። ሁለቱን ለይቶ ማየት ለጎብኚ ጥሩ ትምህርት ነው። በተተከለው ውስጥ ዛፉ ሁሉ እኩያ ነው፤ ወለሉ ባዶ ነው። በአሮጌው ውስጥ ግን የወደቀ ግንድ ላይ ሽበት ይበቅላል፣ ከሥሩ ቁጥቋጦ፣ ብርሃን በሚገባበት ክፍተት ደግሞ የጥድ ችግኝ አለ።

እዚያ የሚያድር ሰው ሌሊቱ የሚጀምረው ቀደም ብሎ መሆኑን ያውቃል። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ሳይሆን ከዛፎቹ ጀርባ ነው የምትጠፋው፤ ሜዳው ላይ ገና ብርሃን ሳለ ከጥዱ ሥር ጨልሟል። ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው፤ ከድንኳኑ ወለል በታች ወፍራም ነገር ያላነጠፈ ሰው ሁለት ብርድ ልብስ ቢደርብም አይሞቀውም። ከሩቅ ጅብ ይሰማል። ወደ ንጋቱ ግን የደኑን ጌታ ትሰማላችሁ። ጉሬዛ ጎሕ ሲቀድ ከዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ያንጎራጉራል፤ ያ ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ከአንዱ መንጋ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ተራራውን ይዞራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የጦጣ ድምፅ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። ትንሽ ቆይቶ ጥቁርና ነጭ ካባው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወር ይታያል።

በዚያ ሰዓት ድምፅ ሳያሰማ የቆየ ሰው የምኒልክን ድኩላም ሊያይ ይችላል። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የሌለ ዝርያ ነው፤ ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ጸጉሩ ለብርድ የጠና ነው። ሳይንሳዊ ስሙን የሰጠው ኦስካር ኖይማን የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን፣ በዚያው ዘመን ምኒልክ አዲስ ዓለምን እየሠሩ ነበር። ከወፎቹም በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙ አሉ፤ ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀንና የሐበሻው ግንደ ቆርቁር ይጠቀሳሉ። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ከጥዱ ወደ ኮሶው፣ ከኮሶው ወደ አስታው ያልፋል፤ ቀይ የኮሶ አበባ ተንዠርግጎ ሲያይ፣ አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ከዚያ አበባ የሚሠራውን መራራ መድኃኒት ለኮሶ ትል ይጠጡት እንደነበር ያስታውሳል። የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ላይ አዲስ አበባ በስተምሥራቅ ትታያለች።

መሄድ ለሚፈልግ አስቀድሞ ከደንና ዱር እንስሳት ድርጅቱ ጽሕፈት ቤት መጠየቅና መግቢያውን መክፈል ያስፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሰማዩ የጠራ፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። በክረምት የመጨረሻው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ለትንሽ መኪና አይመችም። ከጥር እስከ መጋቢት ደግሞ ሣሩ ይደርቃል፤ የጥድ ልጥ እንደ ገለባ ነው የሚቀጣጠለው፤ ስለዚህ በዚያ ወራት ክፍት እሳት ባይነድ ይመረጣል፤ ለቡናውና ለወጡ የጋዝ ምድጃ ይበቃል። እሳት በሚፈቀድበት ጊዜም የወደቀ ደረቅ ጥድ መልቀም አያስፈልግም፤ ነፍሳቱም፣ ግንደ ቆርቁሩም፣ አዲሱም ችግኝ ከዚያ ግንድ ነው የሚኖሩት። ሰበታ ላይ የባሕር ዛፍ ፍልጥ በእስር ይሸጣል፤ አንድ እስር ለአንድ ሌሊት ይበቃል።